ካይቲኔዜ ፒኤች 8.5 ላይ ነው የሚሰራው ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት? የአስፐርጊለስ ኢንዛይም የሰራ ሰው ካለ

የላብ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እዚ ቤት ከ2 አመት በላይ አንባቢ ብቻ ነበርኩ ዛሬ ግን መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ማስተርሴን እየሰራሁ ነው፣ ቴሲሴ ካይቢ1 በሚባል ኢንዛይም ላይ ነው፣ የሚመጣውም አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ከሚባለው ሳንባ ከሚይዘው ሻጋታ ነው። ለማያውቀው ሰው ካይቲን ማለት የአንበጣና የጥንዚዛ ቅርፊት የሚሰራበት ነገር ነው፣ ሻጋታም ሴል ግድግዳው ውስጥ አለው፣ ስኳር በስኳር እንደ መቁጠሪያ የተሰካካ ረጅም ክር በሉት። ያንን ክር የሚቆርጠው መቀስ ካይቲኔዝ ይባላል፣ የኔ ስራ የዚን መቀስ ባህሪ ማጥናት ነው፣ በስንት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ከ7 በታች አሲድ ከ7 በላይ ቤዝ)፣ በስንት ሙቀት፣ ምን ያህል ፍጥነት፣ ምን ያቆመዋል ምናምን።

ጂኑን ቢኤል21 ኢ. ኮላይ (ፕሮቲን የምናስመርትበት ባክቴሪያ) ውስጥ አስገብቼ 18 ዲግሪ ላይ ሌሊቱን አሳድሬ በኒኬል ኮለም አጠራሁት፣ ጄሉ ላይ 48 ኪሎዳልተን አካባቢ አንድ ወፍራም መስመር ብቻ፣ አይቼ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም። ከዛ ፎርኤምዩ የሚባል የሚያበራ ቀለም የተንጠለጠለበት ካይቶባዮስ (ባለ 2 ስኳር የካይቲን ቁራጭ) ሰብስትሬት፣ ማለት የሚቆረጠውን ነገር፣ ሰጠሁት (ኢንዛይሙ ሲቆርጠው ፎርኤምዩ ነጻ ወጥቶ ሰማያዊ ያበራል) እና ፒኤች ከ4 እስከ 9 ሞከርኩ። ውጤቱ፦ 5 ላይ ዜሮ ማለት ይቻላል፣ 6 ላይ ዜሮ፣ 7 ላይ ትንሽ፣ 8.5 ላይ ጣራ። ሶስቴ ደጋገምኩት ያው ነው። ያነበብኩት ሁሉ ግን የሻጋታ ካይቲኔዝ አሲድ ይወዳል ነው የሚለው። አድቫይዘሬ ደስ ብሎታል፣ አዲስ ግኝት ነው ሳንባ ውስጥ ካለው ፒኤች ጋር ተላምዶ ነው የሚል ፓራግራፍ ጀምር ብሎኛል፣ ጀምሬያለሁም፣ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ምን ትላላችሁ?

አራዳ_ነኝ፦
ጥያቄውን ሳልረዳው 3 ጊዜ አነበብኩት ግን እህቴ በርቺ ብያለሁ 😂 ሻጋታ መቀስ እንዳለው ዛሬ ሰማሁ

በርበሬ_ተራ፦
ይሄ አስፐርጊለስ የምትይው በርበሬና ለውዝ ላይ ያለው ነው አይደል፣ አፍላቶክሲን ምናምን እያሉ ኤክስፖርት የሚያስመልሱብን? እሱን የሚገድል ነገር ካገኘሽ ንገሪን ባክሽ

የላብ_ልጅ፦
@በርበሬ_ተራ ዘመዳሞች ናቸው ግን ያ ሌላ ነው። አፍላቶክሲን የሚያመርተው ፍላቩስ ነው፣ የኔው ፉሚጋተስ አፍላቶክሲን አያመርትም። የሱ ጣጣ ሌላ ነው፣ ኮምፖስት ውስጥ፣ የበሰበሰ ድርቆሽ ውስጥ ይኖራል፣ 50 ዲግሪ ላይ እንኳን ያድጋል፣ ዘሩ ደሞ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ስለሆነ ስትተነፍስ በቀጥታ ሳንባህ ጫፍ ድረስ ይገባል። ሁላችንም በየቀኑ እንስበዋለን፣ ጤነኛ ሰው ያጸዳዋል። ችግሩ መከላከያው የተዳከመ ሰው ወይ ሳንባው ድሮ የተጎዳ ሰው ላይ ነው። የአለም ጤና ድርጅት በ2022 የፈንገስ ዝርዝር ሲያወጣ ከ4ቱ እጅግ አሳሳቢ ካላቸው አንዱ እሱ ነው።

ጋሼ_ኢንዛይም፦
ልጄ ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው፣ ልብሽን ስሚው። ፓራግራፉን ግን ለጊዜው አቁሚው። ሶስት ነገር መልሺልኝ።
አንደኛ፣ ፍሎረሰንሱን የምታነቢው ሪአክሽኑ እየሄደ እያለ ነው ወይስ አስቁመሽ? ካስቆምሽ በምን?
ሁለተኛ፣ የፎርኤምዩ ስታንዳርድ ከርቭሽን በየትኛው በፈር ነው የሰራሽው?
ሶስተኛ፣ ኢንዛይም የሌለበት ቁጥጥር እና ባዶ ፕላስሚድ (ጂን መሸከሚያው ብቻ፣ ያለ ካይቢ1) ካለው ባክቴሪያ የተጠራ ቁጥጥር አለሽ?

የላብ_ልጅ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ እርሶ ይመልሱልኛል ብዬ አልጠበኩም። 1) ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ውስጥ በየደቂቃው በቀጥታ ነው የማነበው፣ አላስቆምም፣ ማሽኑ ኪኔቲክ ሞድ ስላለው። 360 ላይ አብርቼ 450 ላይ። 2) ስታንዳርዱን አንዴ ፒኤች 7.4 ፒቢኤስ ውስጥ ሰርቼ ለሁሉም እሱን ነው የተጠቀምኩት 🙈 3) ኢንዛይም የሌለበት አለኝ፣ ባዶ ፕላስሚዱ የለኝም

ጋሼ_ኢንዛይም፦
እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ያለው። ያየሽው የኢንዛይሙን ጸባይ አይደለም፣ የቀለሙን ጸባይ ነው።

ፎርኤምዩ ራሱ ደካማ አሲድ ነው፣ ፒኬኤው (ግማሹ ፕሮቶኑን የሚጥልበት ፒኤች) 7.8 አካባቢ። አንቺ በምታበሪው 360 ናኖሜትር ላይ ደምቆ የሚያበራው ፕሮቶኑን የጣለው ብቻ ነው። አሁን እስክሪብቶ አንሺና አስሊው። ፒኤች 5.5 ላይ ከ200 ሞለኪውል ውስጥ ፕሮቶኑን የጣለው 1 ቢሆን ነው። 8.5 ላይ ግን ከ6ቱ 5ቱ ጥለዋል። ማለት ኢንዛይምሽ በሁለቱም ቦታ እኩል ቢቆርጥ እንኳን ማሽኑ 8.5ቱን ከመቶ እጥፍ በላይ አድርጎ ነው የሚያሳይሽ። 5.5 ላይ እንደ እብድ እየቆረጠ ሊሆን ይችላል፣ የተቆረጠው ግን ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል።

መላው ቀላል ነው። ሪአክሽኑን በፈለግሽው ፒኤች 10 ደቂቃ አካሂጂ፣ ከዛ በጠንካራ ቤዝ አስቁሚው፣ ግላይሲን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤች 10.3 የተደረገ፣ ወፍራም ይሁን 3 ሞላር፣ አሲዱን በፈር እንዲያሸንፈው። ኢንዛይሙ ይሞታል ቀለሙ ደሞ ሁሉም ይበራል፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ። ስታንዳርዱንም ያንኑ ማስቆሚያ ጨምረሽበት ስሪው። ከ4 እስከ 8 ደሞ ሲትሬት ፎስፌት ተጠቀሚ፣ በየፒኤቹ በፈር መቀያየር ሌላ ጣጣ ነው።

እኔ በወጣትነቴ በዚሁ ነገር 4 ወር በልቻለሁ፣ በሌላ ኢንዛይም። ፖስተር ሁሉ አሳትሜ ነበር። ፖስተሩ ፊት የቆመ አንድ ሽማግሌ "ስቶፕ ሶሉሽንህ ምንድነው?" ብሎ ብቻ ጠይቆኝ ሄደ።

ጥርጣሬ_አያልቅም፦
ጋሼ ትክክል ኖት ግን እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ፣ ለጠያቂዋ ማለቴ ነው ቅር እንዳይልሽ። ይሄን ኢንዛይም ማጥናት ጥቅሙ ምንድነው? የካይቢ1ን ጂን ያጠፉ ሰዎች እኮ አሉ፣ በ2003 የወጣ ስራ ነው፣ ሻጋታው ምንም አልሆነም፣ እንደ ድሮው በቀለ አደገ፣ የቀነሰው ባህሉ አርጅቶ ራሱን መብላት ሲጀምር የሚለካው የካይቲኔዝ መጠን ብቻ ነው። ስለዚ ይሄን ኢንዛይም የሚያቆም መድሃኒት ብታገኚ እንኳን ሻጋታው ይስቅብሻል ማለት ነው። ሁሉም ሰው ፕሮፖዛሉ መጨረሻ ላይ "ለመድሃኒት ዒላማ" ብሎ ይጽፋል፣ ሰለቸኝ በእውነት።

የላብ_ልጅ፦
@ጥርጣሬ_አያልቅም ቅር አላለኝም፣ እኔም ፕሮፖዛሌ ላይ "ለመድሃኒት ዒላማ" ብያለሁ ሃሃ። ግን ሻጋታው ካይቲኔዝ ጂን አንድ ብቻ አይደለም ያለው፣ ከ10 በላይ ነው፣ አንዱን ስታጠፋ ሌላው ይሸፍናል፣ ስለዚ አንድ ጂን አጥፍቶ ጥቅም የለውም ማለት የቤቱን አንድ በር ዘግቶ ማንም አይገባም እንደማለት ነው። ሁሉንም የሚይዝ አንድ መድሃኒት ከጂን ማጥፋት ይለያል። ደሞ መድሃኒቱን እርሱትና፣ ካይቢ1 እኮ ምርመራ ላይም አለ፣ የታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ ጸረ እንግዳ አካል የሚሰራበት ፕሮቲን ነው፣ መጀመሪያ ትኩረት ያገኘውም በዛ በኩል ነው።

ጥርጣሬ_አያልቅም፦
የምርመራውን እቀበላለሁ። የመድሃኒቱን ግን ገና ነኝ። ሁሉንም የሚይዝ ካልሽ የሰውንም ይይዛል። ሰው ካይቲን የለውም ግን ካይቲኔዝ አለው፣ ሁለት የሚሰሩ፣ አንዱ ካይቶትራዮሲዴዝ አንዱ ደሞ አሲድ የሚወደው የሆድና የሳንባው፣ ሁለቱም ያው እንደ ካይቢ1 የ18ኛው የኢንዛይም ቤተሰብ ናቸው፣ የመቁረጫ ቦታቸውም ከሻጋታው ጋር አንድ አይነት ነው። አሎሳሚዲን የሚባለውን እይው፣ ከስትሬፕቶማይሲስ ባክቴሪያ የተገኘ፣ የሁሉንም ነው የሚያቆመው።

ጋሼ_ኢንዛይም፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ እንዲህ ስትከራከሩ ደስ ይላል። እኔ የምለው መቀሱ እንዴት እንደሚቆርጥ ሳይታወቅ የሰውን ትቶ የሻጋታውን የሚይዝ ነገር ማግኘት አይታሰብም። ለዛም ነው አሰልቺው የካራክተራይዜሽን ስራ የሚያስፈልገው።

ነርስ_ነኝ፦
እኔ ሳይንሱን አላውቅም ግን ስለበሽታው ልናገር። አጎቴ ከብዙ አመት በፊት ቲቢ ታሞ ድኖ ነበር። ከ3 አመት በፊት እንደገና ሳል ጀመረው፣ ከሳ፣ ደም ተፋ፣ አንድ ቦታ ወሰድነው ቲቢው ተመልሶ ነው ተባለ፣ አክታው በጂን ኤክስፐርት ኔጋቲቭ ነው ግን ኤክስሬዩ ቲቢ ይመስላል ተብሎ የ6 ወር መድሃኒት እንደገና ጀመረ። ጨረሰ። ሳሉ አልቆመም። ሌላ ከተማ ወስደን ሲቲ ሲነሳ ድሮ ቲቢው በቦረቦረው ቀዳዳ ውስጥ እንደ ኳስ የሆነ ነገር ተቀምጧል፣ ሲገለባበጥ ኳሱም ይንቀሳቀሳል። ሐኪሙ ይሄ ፈንገስ ነው አለን። ኢትራኮናዞል ተሰጠው፣ አሁን ደህና ነው እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። እኔ ነርስ ሆኜ እንኳን አልጠረጠርኩም፣ እስካሁን ይቆጨኛል። እኛ ሀገር ቲቢ ይዞት የዳነ ሰው ስንት እንደሆነ አስቡት።

የላብ_ልጅ፦
@ነርስ_ነኝ እህቴ እግዚአብሔር ይማርልሽ አጎትሽን። የኔም መነሻ ይሄው ነው። የደም ምርመራ በቀላሉ ቢኖር ኖሮ 6 ወር ያለበሽታው መድሃኒት ባልዋጠ ነበር።

ማይክሮ_ዳላስ፦
ከዳላስ ነኝ፣ እዚም ክሊኒካል ላብ ውስጥ ነው የምሰራው፣ አስፐርጊለስ ሳቡሮ (የፈንገስ ማብቀያ ምግብ) ላይ ሲበቅል ግራጫ አረንጓዴ ቬልቬት ነው የሚመስለው፣ በጣም ያምራል ሰይጣን። 48 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ከተን ነው ከዘመዶቹ የምንለየው፣ ሌሎቹ ይቀራሉ እሱ ይቀጥላል። እህቴ አንቺ ግን ህያው ሻጋታውን ነው የምትነኪው ወይስ ፕሮቲኑን ብቻ?

የላብ_ልጅ፦
ፕሮቲኑን ብቻ፣ ጂኑ ተሰርቶ ነው የመጣው። ደህና ሁድ (አየርና ጭስ የሚስብ የላብ ሳጥን) የለንም ህያው ሻጋታ አይታሰብም።

የላብ_ልጅ፦
ከ6 ቀን በኋላ ተመልሻለሁ 🙏 የዘገየሁት በመብራት ነው። አዲስ ፕሮቲን ላወጣ ኢንዳክሽን (ባክቴሪያው ፕሮቲኑን እንዲሰራ ማዘዝ) ጀምሬ ሌሊት 8 ሰአት ላይ መብራት ሄደ፣ ሼከሩ ቆመ፣ ጀነሬተሩ የሚነሳው ለፍሪጅ ብቻ ነው፣ ጠዋት ስመጣ 2 ሊትር ባክቴሪያ እንደ አተላ ከታች ተቀምጦ ጠበቀኝ። ደግነቱ ማይነስ 80 ውስጥ የድሮው ፕሮቲን በትንንሽ ቱቦ ነበረኝ በሱ ሰራሁ።

ጋሼ እንዳሉት አደረኩት፣ 10 ደቂቃ፣ ከዛ ግላይሲኑ። ማስቆሚያውን ጠብ ሳደርግበት ፕሌቱን ዩቪ መብራት ላይ አስቀምጬ በአይኔ አየሁት፣ ፒኤች 5ኛው ረድፍ ምንም ያልነበረበት ድንገት ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ፣ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ኩርባው አሁን ከ5 እስከ 5.5 ላይ ጣራ ነው፣ 7 ላይ ወርዷል፣ 8.5 ላይ እዛች ጋ ትንሽ ቀርታለች። የበፊቱ ጣራ የበፊቱ ገደል ሆነ።

አድቫይዘሬን ነገርኩት። ዝም አለ፣ ከዛ "ፓራግራፉን አጥፊው" አለኝ፣ ከዛ ደሞ "ማስቆሚያውን ሪሲፒ ለሌሎቹም ስጪ" አለ። ሁለት ሌሎች ተማሪዎች በዚሁ ማሽን በዚሁ ኪኔቲክ ሞድ እየሰሩ ነበር 😬

አራዳ_ነኝ፦
ስንት ፓራግራፍ ነው ያጠፋሽው ግን ንገሪን 😂😂

የላብ_ልጅ፦
አንድ ገጽ ተኩል። ስለ ሳንባ ፒኤች። በጣም የሚያምር ገጽ ነበር ነፍሱን ይማር

ጋሼ_ኢንዛይም፦
ጎሽ። አሁን ሁለት ነገር ይቀርሻል። አንዱ፣ ፎርኤምዩ ያለበት በ1 ስኳር፣ በ2 ስኳር፣ በ3 ስኳር ሰብስትሬት ካገኘሽ ሶስቱንም ሞክሪ። ባለ 1ዱን የሚቆርጥ ከሆነ ካይቲኔዝ ሳይሆን የባክቴሪያሽ ሄክሶሳሚኒዴዝ (አንድ አንድ ስኳር የሚቆርጥ ሌላ ኢንዛይም) ነው ማለት ነው፣ አልጠራም። ባለ 2ና ባለ 3ቱ ላይ ያለው ልዩነት ከጫፍ ነው የሚቆርጠው ወይስ ከመሃል የሚለውን ፍንጭ ይሰጥሻል። ባለ 3ቱ ሲበዛ ራሱ ኢንዛይሙን ሊያንቀው ይችላል፣ ኩርባው ቢታጠፍብሽ አትደንግጪ።

ሁለተኛው፣ የሞተ ኢንዛይም ስሪ። 177ኛውን አሚኖ አሲድ፣ ግሉታሜቱን፣ ወደ ግሉታሚን ቀይሪው። ስራው ይሄ ነው፣ ግሉታሜቱ ፕሮቶን ይሰጣል፣ ከዛ ግን እንደ ሌሎች ኢንዛይሞች ሌላ አሚኖ አሲድ መጥቶ አያጠቃም፣ የስኳሩ የራሱ አሲታይል እጅ ታጥፎ መጥቶ ራሱን ነው የሚያጠቃው። መቀሱ ገመዱን በገመዱ ጫፍ ነው የሚቆርጠው በይው። 18ኛው ቤተሰብ በሙሉ እንዲህ ነው፣ የእጽዋቱ 19ኛው ቤተሰብ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ያ ግሉታሜት ከሄደ ፕሮቲኑ ቅርጹ ሳይበላሽ ስራው ብቻ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ የምትለኪው ሌላ ነገር ነው።

የላብ_ልጅ፦
እሺ ጋሼ። ለሞተው ኢንዛይም (ሙታንቱ) ፕራይመር፣ ማለት ጂኑን የምቀይርበት አጭር ዲኤንኤ፣ አዝዣለሁ፣ መቼ ከጉምሩክ እንደሚወጣ ፈጣሪ ያውቃል። አንድ ሌላ ችግር ግን፣ በእውነተኛ ካይቲን ላይ ሲሰራ ማሳየት አለብኝ፣ ኮሎይዳል ካይቲን (በአሲድ ለስልሶ እንደ እርጎ የሆነ) ያስፈልጋል፣ የካይቲን ዱቄቱ አልቋል።

ዱባይ_ዴራ፦
እኔ ሼፍ ነኝ እዚ ክሩን ያነበብኩት እህቴ ላከችልኝ። የሽሪምፕ ቅርፊት ነው የምትፈልጉት? እኛ ኪችን በቀን አንድ ባልዲ ነው የሚጣለው። አድርቄ ለሰው ልስደድልሽ? በእግዚአብሔር ስም ለሳይንስ ነው ብዬ እናስገባዋለን

አራዳ_ነኝ፦
ቦሌ ኤርፖርት ላይ "ምንድነው ይሄ?" "የሽሪምፕ ቅርፊት" "ለምን?" "ለሻጋታ መቀስ" 💀

ጋሼ_ኢንዛይም፦
ሃሃሃ ሼፉ ተባረክ። ይቻላል ግን ቅርፊቱ እንዳለ ካይቲን አይደለም፣ ኖራና ፕሮቲን አለበት። መጀመሪያ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ኖራው እየፈላ ይወጣል፣ ከዛ ትኩስ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፕሮቲኑን ያወጣዋል፣ ታጥቦ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ከዛ ነው ወደ ኮሎይዳል የሚኬደው፣ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ወፍራም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሌሊቱን ማማሰል፣ ንጋት ላይ ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ማፍሰስ፣ እንደ እርጎ ነጭ ሆኖ ይረጋል። አሲዱ እስኪጠፋ እጠቢው፣ እኔ 12 ጊዜ አጥቤ አውቃለሁ። ይሄን ወፍራም አሲድ ያለ ጭስ መሳቢያ እንዳትነኪው፣ ሁድ የለንም ስላልሽ ነው። የሌላ ዲፓርትመንት የኬሚስትሪ ሁድ ለምኚ።

ለመለካቱ ደሞ ዲኤንኤስ (የተለመደው የስኳር መለኪያ ኬሚካል) አትጠቀሚ፣ ለዚህ ስኳር ደንቆሮ ነው። ሻልስ የሚባለው የፌሪሲያናይድ ሪኤጀንት ይሻላል፣ ቢጫው 420 ላይ ሲደበዝዝ ነው የምታነቢው። ቁጥሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ ካይቢ1 ካይቲን ላይ የሚጣበቅበት ተጨማሪ ክፍል የለውም፣ መቀሱ ብቻ ነው እጀታ የለውም።

ጥርጣሬ_አያልቅም፦
ኢንሂቢተር (ኢንዛይሙን የሚያቆም ነገር) አልተነሳም እንጂ፣ አሎሳሚዲን ለመግዛት የሳምፕልሽን በጀት በሙሉ ይበላል። ርካሽ ነገር ከፈለግሽ ካፌይን ሞክሪ። አልቀልድም። በ2005 ስኮትላንድ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች ገበያ ላይ ያሉ መድሃኒቶችን አንድ በአንድ በዚሁ ኢንዛይም ላይ ሲሞክሩ ቲዮፊሊን (የአስሙ)፣ ካፌይንና ፔንቶክሲፊሊን (ለእግር ደም ዝውውር የሚሰጠው) ኢንዛይሙን እንደሚያቆሙት አገኙ፣ ክሪስታል ሰርተው መቁረጫው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው አሳይተዋል፣ ልክ አሎሳሚዲን እንደሚቀመጠው። ጠንካራው ፔንቶክሲፊሊን ነው፣ ኬአይው (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይበልጥ ጠንካራ ነው) 37 ማይክሮሞላር።

አራዳ_ነኝ፦
ቆይ ቆይ ቆይ። ቡና ሻጋታ ይገላል??? እናቴ በቀን 9 ስኒ ነው የምትጠጣው ለዛ ነው ለካ ያልታመመችው። አሁን ቲክቶክ ላይ ልለቀው ነው

ነርስ_ነኝ፦
ኧረ በናትህ እንዳትለቀው፣ ነገ ኢትራኮናዞሉን ትቶ ጀበና የሚይዝ በሽተኛ ነው የምታመጣብኝ

ጥርጣሬ_አያልቅም፦
@አራዳ_ነኝ ወንድሜ ቀስ በል፣ አብረን እናስላው። አንድ ጥሩ ሲኒ ቡና 100 ሚሊግራም ካፌይን አለው እንበል። ካፌይን በሞል 194 ግራም ነው ስለዚ ግማሽ ሚሊሞል። ሰውነትህ ውስጥ 40 ሊትር ውሃ አለ፣ ቢከፋፈል 13 ማይክሮሞላር ነው። አቦል ቶና በረካ ብትጨርስ እንኳን 40 አይሞላም። ካፌይን ደሞ ከፔንቶክሲፊሊኑ በብዙ የደከመ ነው። እዛ ላይ ጨምርበት ኢንዛይሙ ቢቆም ራሱ ሻጋታው አይሞትም ከላይ እንዳልነው፣ እዛ ላይ ደሞ እነዚሁ ሰዎች የሰውንም ካይቲኔዝ እንደሚያቆሙ አሳይተዋል። እና የእናትህ ጤና ከቡናው ጋር የሚያገናኘው ወሬው ነው።

አራዳ_ነኝ፦
ተስፋዬን ገደልከው። ግን ወሬው ያልከው ልክ ነው

የላብ_ልጅ፦
@ጥርጣሬ_አያልቅም ይሄን እንዴት አላነበብኩትም! የኬሚስትሪ ስቶር ውስጥ ንጹህ ካፌይን አለ፣ ለቲን ሌየር ፕራክቲካል የተገዛ፣ 50 ግራም ተቀምጧል። ከጀበና ቀድቼ ብጨምርስ ብዬ አስቤ ነበር መጀመሪያ ሃሃ

ጋሼ_ኢንዛይም፦
ከጀበና እንዳትቀጂ። ቡናው ራሱ ቡናማ ነው፣ የምታበሪበትንም የምታነቢበትንም ብርሃን ይውጠዋል፣ ኢንዛይሙ ሳይነካ 90 ከመቶ ቆመ ብለሽ ትጽፊያለሽ። ሁለተኛ ፓራግራፍ ልታጠፊ ነው። ንጹሁ ካፌይን ግን የሚመጠው 273 አካባቢ ነው፣ 360 ላይ አይነካሽም። ቢሆንም ቁጥጥር አርጊ፣ ከካፌይኑ ጋር ነጻ ፎርኤምዩ ብቻ አስገብተሽ ብርሃኑ እንደማይቀንስ አሳዪ። ማንም ሳይጠይቅሽ ቀድመሽ አሳዪ።

የላብ_ልጅ፦
ከ3 ሳምንት በኋላ፣ ክሩ ስላልተዘጋ ልጨምር። ካፌይኑ ሰራ! ግማሹን የሚያቆመው መጠን ወደ 500 ማይክሮሞላር ነው የመጣልኝ፣ ሰብስትሬቱን ስጨምር የሚያቆመው ይደክማል፣ ማለት ለአንድ ጉድጓድ ነው የሚሻሙት። ነጻ ፎርኤምዩ ቁጥጥሩ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ካፌይን ብጨምርም ብቀንስም ንቅንቅ የለም። ባዶ ፕላስሚዱንም አደረኩት፣ ምንም የለም፣ ዝም። ባለ 1 ስኳሩንም አይቆርጥም ጋሼ።

ፕራይመሩ ገና ጉምሩክ ነው። ሽሪምፑ ግን ደርሷል፣ ሼፋችን ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ በዘመድ ላከው፣ ሻንጣዋ ውስጥ ያሉ ልብሶች በሙሉ አሳ አሳ ሸተዋል፣ ተቀይማኛለች። የኬሚስትሪ ሁድ ለሐሙስ ተፈቅዶልኛል።

ዱባይ_ዴራ፦
ሁለተኛ ባልዲ አድርቄ አስቀምጫለሁ በይ። በዚኛው ግን ሶስት ፌስታል ነው የማደርገው

ጋሼ_ኢንዛይም፦
ሐሙስ አሲዱን ከማፍሰስሽ በፊት ውሃው በረዶ መሆኑን አረጋግጪ። ከዛ ጻፊልን።